በሬው በደጅ፣ ዘይቤው በወረቀት

ጂንካ ውስጥ፣ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ለፈተና የሚያጠና ጎረምሳ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። በእጁ የያዘው በፎቶ ኮፒ የተባዛ ባለ ሁለት ገጽ የክለሳ ማስታወሻ ነው። በግራ በኩል ቃላቱ ተደርድረዋል፤ ስንኝ፣ አንጓ፣ ቤት፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምፀት። በቀኝ በኩል ፍቻቸው ሰፍሯል። በግርጌው ደግሞ «የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ» ከሚል ርእስ ሥር መግቢያ፣ ሐተታ፣ ማጠቃለያ ይላል። በቃ፤ ይኸው ነው።

«እስቲ ለተነጻጻሪ ዘይቤ ምሳሌ ስጠኝ» አልኩት።

«እንደ ጨረቃ የደመቀች» አለኝ ሳያመነታ።

«ከቤታችሁስ? አያትህ እህል ስትፈጭ የምታዜመው የለም?»

ሣቀብኝ። «እሱማ ግጥም አይደለም፤ ቤት አይመታም» አለ።

ከልጁ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ይህን እንዲል ካስተማረው ልማድ ጋር ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ይህም ራሱ ተነጻጻሪ ዘይቤ መሆኑን ልብ ይሏል።

በመጀመሪያ ስለ ቤት እንነጋገር። ዳዊት የማይደግም የአገራችን ካህን የለም፤ ነገር ግን መዝሙሩ በተደረሰበት በዕብራይስጥ እንደ አማርኛ ግጥም ቤት እየመታ አይሄድም። የሚያስረው የሐሳብ ጉርብትና ነው፤ አንዱ ስንኝ ያለውን ቀጣዩ በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ያጠናክረዋል ወይም ይቃረነዋል። የሶማሌ ባለቅኔ ደግሞ ግጥሙን የሚያስረው በስንኙ መድረሻ ሳይሆን በቃላቱ መነሻ ድምፅ ነው። አንዱን ድምፅ አንዴ ከያዘ እስከ ፍጻሜው አይለቅም። እንግዲህ ቤት መምታት የአማርኛ ግጥም ሕግ እንጂ የግጥም ሁሉ ሕግ አይደለም። ዐሥራ ስድስት ብሔረሰቦች እንደሚኖሩበት በሚነገርለት ምድር ለሚያድግ ልጅ ይህን አለመንገር፣ አያቱን ከባለቅኔነት መዝገብ መፋቅ ነው።

ወደ ዘይቤ እንለፍ። ጃፓናዊው አጥኚ ካትሱዮሺ ፉኩይ ስለ ቦዲዎች በጻፈው እንደምናገኘው፣ የቦዲ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የራሱ የሆነ የከብት ቀለም አለው። ሲጎለምስ ያን ቀለም የለበሰ በሬ ይይዛል፤ ያዜምለታልም። የሙርሲዎችም የቀለም ስሞች የከብት መልክ ስሞች ናቸው። ዴቪድ ተርተን በ1980 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ላሳተመው ጥናት የሰጠው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» እንደ ማለት ነው።

አሁን የክለሳ ወረቀቱን አምጡልኝ። ሰው በበሬው ቀለም ሲታወቅ ተለዋጭ ዘይቤ ነው? ስም ነው? ወይስ ሁለቱንም? ጥያቄው ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ስንል የምንጠራቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ቦዲው በበሬው፣ ጎንደሬው በፈረሱ! ይህን ያህል የሚያቀራርብ ትምህርት በደጅ ቆሞ ሳለ፣ መምህሩ ጨረቃዋን ለምን ከወረቀት ላይ እንደሚለቅማት አይገባኝም።

የውጭው ዓለም ግን ገብቶታል። አይቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል ከሐመሮች ዘንድ ኖረው በ1979 እ.ኤ.አ. ሦስት ጥራዝ አሳተሙ፤ ከሦስቱ አንዱ ባልደምቤ የተባለ ሐመር የተናገረው ሲሆን ስሙም በርእሱ ላይ ሰፍሯል። ስትሬከር በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስለ ተምሳሌት የሚያትት መጽሐፍም ከዚያው ከሐመር ኑሮ የተቀዳ ነው። የሐመር ሽማግሌ ንግግር ምሁራን ስለ ዘይቤ ለሚሟገቱበት መድረክ ማስረጃ ሲሆን፣ ጂንካን ቁልቁል ከሚያየው የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ግርጌ የሚማረው ልጅ ግን «ዘይቤ ማለት…» እያለ ይሸመድዳል። «ፈረንጅ ወሰደብን» ብሎ ማላዘን ቀላል ነው። ፈረንጁ ግን የጥናትን ፊደል ቆጥሮ ነው የመጣው። ተቀመጠ፣ ሰማ፣ ጻፈ፣ የተናጋሪውን ስም መዘገበ። እኛ «ጥናት» የምንለው ወረቀት «አባቶች እንደሚሉት» ብሎ ይጀምራል። የትኛው አባት? መቼ? የት? በየትኛው ቋንቋ?

የአገር ሰው አልሠራውም እንዳይባል፣ ፈቃደ አዘዘ አለ። ገበሬው ስለ ድርቅና ረኀብ የገጠመውን ሰብስቦ በ1998 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ያልተማረ የሚባለው ሰው ግጥም ለምርምር እንደሚበቃ አሳይቶናል። በሰሜን የተቻለው በደቡብ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

«ፈተናው የሚጠይቀው ፍቺ ነው» የሚሉኝ መምህራን አሉ። እውነታቸውን ነው። ፈተና እንጀራ ነው፤ የጂንካ ልጅ ሲወድቅ ተደግፎ የሚነሣበት እንደ አዲስ አበባው ልጅ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ቃላቱን ጣሉ አላልኩም። ቃሉ ግን እንደ ማጭድ ነው። ስሙን ከማጭድ ነጋዴ ይማሩታል፤ ስለቱ የሚታወቀው ግን ማሳ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምሳሌ ከመጽሐፍ፣ አንድ ከቤት ቢመጣ ፈተናው አይጎዳም። እንዲያውም የገባው ተማሪ ከሸመደደው ይበልጥ ያስታውሳል።

ለጥናት ጽሑፍም አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ ዜማ፣ አንድ አዜማሚ። ስማቸው በፈቃዳቸው ይጻፍ፤ ቦታውና ቀኑም ይጻፍ። ዜማው በራሱ ቋንቋ ይስፈር፤ ከሥሩ ቃል በቃል፣ ቀጥሎ በሚጥም አማርኛ ይተርጎም። ከዚያ ባለቤቷ «ትርጉሙ ይህ ነው» ያለችው፣ ከእርሱም ተለይቶ ተማሪው «ለእኔ የመሰለኝ» የሚለው ይምጣ። የሰሙትንና ያሰቡትን አለመደባለቅ የጥናት ሀሁ ነው። በመጨረሻም ከወረቀቱ ቃላት የትኛው እንደሚስማማ ይጠየቅ፤ አንዱም ካልተስማማ «አልተስማማም» ብሎ ምክንያቱን ይጻፍ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በድፍረት የጻፈ ልጅ ተመራማሪ ነው።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የኩራዝ ስኳር ልማት በ2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ዳርቻውን እያረሰረሰ ለዘር ያመቻች የነበረው የኦሞ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም። ስለ ልማቱ ደግነትና ክፋት ሌላ ቀን እንሟገት። ነገር ግን ግጦሽ ሲጠብ መንጋ ይሳሳል፤ መንጋ ሲሳሳ በመንጋው መልክ የተሰየመው ቀለም ባለቤት ያጣል። የዛሬው ልጅ ትርጉሙን ሊጠይቃቸው የሚችላቸውን አያት፣ የነገው ልጅ አያገኛቸውም። ያን ጊዜ የተነጻጻሪ ዘይቤን ፍቺ በቃሉ የሚያውቅ፣ የሚያነጻጽረው ግን የሌለው ትውልድ እናፈራለን።

ያ ጎረምሳ ወረቀቱን አጥፎ ሲነሣ «ግን እኮ የአያቴን ዜማ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ።

መምህራን ሆይ፣ ጠይቁት። አይገባም የሚል ካለም ብዕሩን ያንሣ፤ እሟገተዋለሁ።