ሕመሙ ከጫፍ ይጀምራል፤ ምርምሩስ?

ከህብለ ሰረሰር ተነስቶ የእግር ጣትን የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ሴል፣ አክሰን የሚባለው ክሩ በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ኒውክለሱን የያዘው የሴሉ አካል ግን ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ እምብዛም አይበልጥም። ለረጅም ዘመን ፕሮቲን የሚሠራው በዚህ አካል ውስጥ ብቻ ነው፣ አክሰኑም ከሽቦ የተለየ ሥራ የለውም ተብሎ ይታመን ነበር። ሒሳቡ ግን አይገጥምም። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ የአክሰኑ መዋቅር የሆኑት ፕሮቲኖች ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ያዘግማሉ። በዚህ አካሄድ እግር ድረስ 1,000 ቀን ይፈጃል፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ዛሬ የተጎዳ ጫፍ እስከዚያ ምን ይዞ ይቆያል? ኤድዋርድ ኮኒግ በ1960ዎቹ አክሰን ራሱ ፕሮቲን እንደሚሠራ ማስረጃ ቢያቀርብም፣ በበሰለ አክሰን ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ስለማይታይ ብዙዎች ለመቀበል አመንትተው ቆዩ።

ዛሬ አሠራሩ በብዙው ታውቋል። የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ከኒውክለስ ሲወጣ የሚይዙት ፕሮቲኖች ይጠቀልሉትና ሥራ እንዳይጀምር ዝም ያሰኙታል፤ እንደታፈነም ወደ ጫፍ ይጓዛል። እዚያ ምልክት ሲደርስ ጥቅሉ ይፈታል፣ ራይቦዞሙም ማምረት ይጀምራል። ቁም ነገሩ ማፈኑም መፍታቱም በልክ መሆኑ ነው፤ የጡንቻ ነርቭ በሽታዎችም ይህን ልክ ሲያዛቡ ይታያል። ጨቅላዎችን የሚያሽመደምደው ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚመጣው ኤስኤምኤን የተባለው ፕሮቲን ሲያንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ይህ ፕሮቲን በጎደለባቸው የአይጥ ነርቮች አክሰኑ አጭር፣ በጫፉም የቤታ አክቲን አርኤንኤ ጥቂት ሆኖ አግኝቶታል። ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን በሚገድለው ኤኤልኤስ በተባለው በሽታ ደግሞ አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ቲዲፒ 43 የተባለ ፕሮቲን ያለ ቦታው ይከማቻል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ክምችት በአክሰኑ ውስጥ አርኤንኤውን ይዞ ለማይቶኮንድሪያ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖች እዚያው እንዳይሠሩ እንደሚያግድ አሳይተዋል።

የእኔ ሙግት እንግዲህ ይህ ነው፦ የእነዚህን በሽታዎች መድኃኒት ስንፈልግ የሴሉን አካል ከሞት ማዳንን ዋና ግብ ማድረጋችን ይብቃ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የኤኤልኤስ ዘረ መል በተሰጣቸው አይጦች የጡንቻና የነርቭ መጋጠሚያ በ47ኛው ቀን መላቀቅ ጀምሮ እንደነበረ፣ በህብለ ሰረሰር ያሉት የሴል አካላት መሞት የጀመሩት ግን ከ80ኛው ቀን በኋላ እንደሆነ ቆጥሮ አስቀምጧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ለሴል ሞት የሚያስፈልገውን ባክስ የተባለ ዘረ መል አጠፉ። የሴል አካላቱ ተረፉ፤ መጋጠሚያዎቹ ግን ተላቀቁ፣ አይጦቹም ሽባ ሆኑ። ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ሙከራ ማግኘት ይከብዳል።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። አብዛኛው የአክሰን ፕሮቲን አሁንም ከላይ የሚላክ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ጥያቄው ግን የመጠን ሳይሆን የቦታና የሰዓት ነው፤ ጥቂት ፕሮቲን በተፈለገበት ደቂቃ መገኘቱ ጫፉን ይዞ ሊያቆይ ይችላል። ከበድ የሚለው ሌላው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው ኑሲነርሰን ኤስኤምኤንን በመላው ሴል ከፍ ያደርጋል እንጂ አክሰኑን ለይቶ አያክምም፤ ሆኖም መቀመጥ የማይችሉ ሕፃናትን አስቀምጧል። ኤስኤምኤን በኒውክለስ ውስጥም ሥራ ስላለው ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ በዚህ መድኃኒት ብቻ አይለይም። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚበረታው ምልክት ከመታየቱ በፊት ሲሰጥ ነው፤ የተላቀቀ መጋጠሚያን መልሶ ማያያዝ አስቸጋሪ መሆኑን ይህ ይመሰክራል። ደግሞም ከኤኤልኤስ ታማሚዎች አስሩ ውስጥ ዘጠኙ ገደማ በቤተሰባቸው በሽታው የለም፤ እንደ ኤስኤምኤን አንድ የሚጠገን ዘረ መል ለአብዛኞቹ አልተገኘም። አይጥ ሰው አይደለም ለሚሉም፣ ከላይ የጠቀስኳቸው የ2004 እና የ2006 አይጦች የተሸከሙት ኤስኦዲ 1 የተባለ ዘረ መል መሆኑን፣ በዚህ ዓይነቱ ኤኤልኤስም የቲዲፒ 43 ክምችት እንደማይለመድ ራሴው አክላለሁ። በተለያየ መንገድ የሚመጡ ሕመሞች አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ሙግቱን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም።

ተቆጣጣሪዎችም ሳይሉት ወደዚህ እያዘነበሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቶፈርሰንን ለኤስኦዲ 1 ኤኤልኤስ በተፋጠነ መንገድ ሲያጸድቅ፣ ዋናው ሙከራ የታሰበውን የአቅም ልዩነት አላሳየም ነበር። ውሳኔው የተመሠረተው ኒውሮፊላመንት በደም ውስጥ በመቀነሱ ላይ ነው፤ ይህም አክሰን ሲፈርስ የሚያፈስሰው ፕሮቲን ነው። ለፍርስራሹ መለኪያ ካለን፣ ቀጣዩ የምርምር ገንዘብ ጫፉ ገና ሳይፈርስ ፕሮቲን ማምረቱን መቀነስ አለመቀነሱን በሕይወት ባለ ታማሚ ላይ የሚለካ ዘዴ ለመሥራት ይዋል።