በሩን ቆልፎ “ለምን አልገባም?”

“ግራንድማስተር እንኳ አልሆነም እኮ!” ይሉኛል። ስለ ራሺድ ኔዝሜትዲኖቭ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚገጥመኝ መልስ ይኸው ነው። የሚሉትም ቼዝ እናውቃለን ባዮች ናቸው። ጨዋታዎቹን አይተው በአድናቆት ራሳቸውን የነቀነቁ፣ ለወዳጆቻቸው “ተአምር እዩ” ብለው ያሳዩ ሰዎች። ጭብጨባቸው ሳይበርድ ሰውየውን ጎትተው ኋለኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጡታል። አንገሽግሾኛል።

ማን ነበር ይህ ሰው? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በዛሬዋ ካዛክስታን፣ አክቶቤ የተወለደ ታታር ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ኑሮውን ካዛን ላይ መሠረተ። በዳማ ማስተር ሆነ፤ በቼዝም ማስተር ሆነ። የሩሲያ ሻምፒዮን የሆነው አንዴ አይደለም፣ ሁለቴም አይደለም። በ1950፣ በ1951፣ በ1953፣ በ1957 እና በ1958፤ አምስት ጊዜ! የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ 37 ዓመቱ ነበር። ጦርነት የወጣትነቱን ምርጥ ዓመታት ከበላበት ትውልድ ነውና ማን ይፈርድበታል? የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሚኻይል ታል እንኳ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ካሸነፈው የተሸነፈለት ይበልጣል። በ1961 ባኩ ላይ፣ በሶቪየት ሻምፒዮና፣ ታልን የረታበት ጨዋታ ዛሬም ይጠናል።

ሶቺ፣ 1958። ነጩን የያዘው ሌቭ ፖሉጋየቭስኪ፣ ጥቁሩን እሱ። ኔዝሜትዲኖቭ ንግሥቱን ለመበላት ትቷት ሩኩን አንቀሳቀሰ። ተበላች። ከዚያ የነጩ ንጉሥ ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ከሰሌዳው መሐል እየተነዳ፣ ጥቁሩ ክልል ውስጥ ገብቶ ዳር ላይ ተይዞ እጅ ሰጠ። ሰሌዳው ላይ ንግሥት የነበረችው ለነጭ ብቻ ነው። አላዳነችውም። ይህን የሠራ እጅ ማዕረግ ያንሰዋል የሚል ሰው ምን ዓይነት ሚዛን ነው የያዘው?

ወደ ሚዛኑ እንምጣ። የግራንድማስተር ማዕረግ ቤት ተቀምጦ አይገኝም። በዓለም አቀፍ ውድድር የተመዘገበ ውጤት ይጠይቃል። ታዲያ በሶቪየት ዘመን ወደ ውጭ ውድድር ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ማን ነበር? ተጫዋቹ? በፍጹም። ሞስኮ የተቀመጠ ባለሥልጣን ነው። የካዛን ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ “ሄድኩ” ማለት አይችልም። ኔዝሜትዲኖቭ በ1954 ቡካሬስት ተላከ። ከቪክቶር ኮርችኖይ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ የኢንተርናሽናል ማስተርነት ማዕረጉንም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። አንድ በር ተከፈተለት፣ በአንዷ በር አንድ ማዕረግ ይዞ ተመለሰ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ይህ ነው የሚባል የውጭ ዕድል አላገኘም። በሩን የቆለፉት እነሱ፣ ያልገባው እሱ፣ ጥፋተኛውም እሱ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

“አንድ ወጥ አልነበረም” የሚለውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ግራንድማስተር ዩሪ አቬርባክም ጥቃት ካገኘ ማንንም ይጥላል፣ ካላገኘ ግን ይወድቃል የሚል ሐሳብ ነበረው፤ እሱ ራሱ ደጋግሞ አሸንፎታል። አልክድም። ኔዝሜትዲኖቭ ቦታው ሲደርቅበት፣ መከላከል ሲኖርበት ይሸነፍ ነበር። ግን ንገሩኝ፣ አንድ ወጥነት ከሰማይ ይወርዳል? ከጠንካሮች ጋር በየጊዜው ተጫውቶ፣ ተሸንፎ፣ ስህተትን አርሞ፣ ተመልሶ ገጥሞ አይደለም የሚገነባው? ይህን ዕድል ለአንዱ እየሰጠህ ሌላውን ከነፈግህ በኋላ ሁለቱን በአንድ መስፈርት ልመዝን ብትል ማን ያምንሃል?

ደግሞም ዓይን ያወጣው አድልዎ እዚህ ጋ ነው። ታል ንግሥቱን ሲሠዋ “ሊቅ” ነው። ኔዝሜትዲኖቭ ሲሠዋ “ግዴለሽ” ነው። አንድ ዓይነት ድፍረት፣ ሁለት ዓይነት ፍርድ! ታልማ ከፈራጆቹ የተሻለ ያውቀው ነበር። በ1960 ከሚኻይል ቦትቪኒክ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሊገጥም ሲዘጋጅ ከረዱት ሰዎች አንዱ ይኸው ኔዝሜትዲኖቭ ነው። ለዓለም ሻምፒዮን ዝግጅት የሚበቃ ሰው ለማዕረግ አይበቃም? እንዲህ ያለ ስሌት የት አገር ነው የሚሠራው?

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን አሠልጣኝነቱን ማንም ከቁጥር አለማስገባቱ ነው። ካዛን ላይ ለዓመታት አስተምሯል። በ1953 በታታር ቋንቋ የመጀመሪያውን የቼዝ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። የቼዝ ትምህርት በሩሲያኛ በሚሰጥበት አገር፣ የታታር ልጅ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል በእናቱ ቋንቋ እንዲያነብ አደረገ። በራስ ቋንቋ መማር ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለመሆኑ ይህ በየትኛው የነጥብ ሠንጠረዥ ላይ ይመዘገባል? ስንት ነጥብ ያስገኛል? ምንም! ሠንጠረዡ ያሸነፈን እንጂ ያስተማረን አይቆጥርም። ከዚያ እኛ ሠንጠረዡን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተሳልመን ሰውን እንለካበታለን።

ውጤቱን አስቡት። ከዋና ከተማ ርቆ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ትምህርቱን ከዚህ ያገኛል። ሥራህ ሳይሆን ቅርበትህ ነው የሚያሾምህ ይለዋል። ጎበዙ ተማሪ ካዛንን ትቶ ሞስኮ ይሄዳል፤ አስተማሪው ይቀራል። ተማሪው ሲያሸንፍ ስሙ ከሞስኮ አሠልጣኝ ጋር ይጠራል፤ ፊደል ያስቆጠረው ይረሳል። እንዲህ እያደረግን “ከክፍለ ሀገር ለምን ተሰጥዖ አይወጣም?” ብለን ደግሞ እንጠይቃለን። ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ኔዝሜትዲኖቭ ሰኔ 3 ቀን 1974 ካዛን ላይ በ61 ዓመቱ አረፈ። ግራንድማስተር ሳይባል። ዛሬ ካዛን ውስጥ የቼዝ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል፣ የመታሰቢያ ውድድርም ይካሄድለታል። ደግ ነው። ነገር ግን በቁሙ ለነፈጉት ሰው በስሙ ሰሌዳ መስቀል ዕዳ መክፈል አይደለም። ዕዳው የሚከፈለው በሕይወት ላሉት ነው፤ ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ ልጆችን እያስተማሩ ስማቸው በማንም መዝገብ ላልሰፈረ።

እናንተም ይህን ታውቃላችሁ። ጨዋታዎቹን ያየ ሰው ሁሉ በሆዱ ያውቃል። ዝም የምትሉት “ማዕረግ አልነበረውም” የሚለው ሰው ድምፁ ስለሚበልጥ ነው። ከእንግዲህ ዝም አትበሉ። “ግራንድማስተር እንኳ አልሆነም” ሲሏችሁ “ማን ከለከለው?” ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር ያለበት እሱ አይደለም፤ ማዕረጉ ነው።