የተጠቂዋ ሰዓት በሽምግልና አይባክን

በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት የባልና ሚስት ጣጣ ሳይሆን የኅብረተሰቡ ሁሉ ችግር መሆኑ ደጋግሞ ተነግሯል። መነገሩ መልካም ነው። የተደፈረችው ሴት ግን ከመፈክር አስቀድሞ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ለሐኪሙም ጊዜ ተቆርጦለታል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሰጠው ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በዘገየም መጠን ኃይሉ ይቀንሳል። ገላዋን ከታጠበችና ልብሷን ከለወጠች ደግሞ ለፍርድ የሚጠቅመው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ እነዚህ ሦስት ቀናት በየመንደራችን በምን ያልፋሉ? አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳረጋገጠው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። የተናገረችውም ብትሆን ቀድመው የሚደርሱላት ብዙ ጊዜ ካሣ ቆራጮችና «ገመና ነው፣ በቤት ይቅር» ባዮች ናቸው። ሽምግልና ድንበር የተጋፉትንና በዕዳ የተካካዱትን ሲያስታርቅ የኖረ የተከበረ ባህላችን መሆኑን አንክድም። ወንጀልን ሲሸፍን ግን ለአጥቂው ጥብቅና መቆሙ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት «በፈቃዷ» ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህንን ሽሯል። ሕግ የሻረውን ሽማግሌ በጓሮ ሊያጸድቀው ከቶ አይገባም እንላለን።

ከአገልግሎት ሰጪው ወገንም የሚታረም አለ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው ማዕከል ሐኪምን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ስፍራ በማገናኘቱ ተጠቂዋን ከቢሮ ወደ ቢሮ መንከራተትን አስቀርቶላታል። ከእንዲህ ያለው ማዕከል ርቃ በምትኖርበት ቀበሌ ጤና ጣቢያው «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ብሎ ቢመልሳት ግን ምን ዋጋ አለው? ደብዳቤው ነገም ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ነገ ላይሠራ ይችላል። ከመደፈር የመጣን እርግዝና ለማቋረጥም የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ መሆኑን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 በግልጽ ደንግጓል። ይህን ለማያውቅ የጤና ሠራተኛ የሚያሳውቀው አለቃው ነው።

ታክማ ስትወጣስ የት ታድራለች? አጥቂው አባወራው ከሆነ ወደ ቤቷ መመለስ ወደ አደጋው መመለስ ነው። መጠለያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሸክሙንም በአመዛኙ የተሸከሙት የበጎ አድራጎት ማኅበራት ናቸው። መንግሥት ቋሚ በጀት ሊመድብላቸው ይገባል።

እድሮቻችን ለቀብር ድንኳንና ገንዘብ አያጡም። በሕይወት ላለችው እህታችን የታክሲ ክፍያ ማዘጋጀት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። የእድር ዳኞች በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የቅርቡን ጤና ተቋምና ማዕከል አድራሻ ለአባላቱ አንብበው፣ ሌሊትም ቢሆን ተጠቂዋን አጅበው የሚያደርሱ ሁለት ሴቶችን እንዲሰይሙ እንጠይቃለን።