የውሻም ደም ጠያቂ ይኑረው

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዲት እናታችን ተነሥተው «ፖሊስ ሰው ግቢ ገብቶ ውሻ ስለሚገድልበት ነገር እንነጋገር» ብለው ሲጠይቁ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። አንዱ ወንድማችንማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኧረ ስንት የሰው ጉዳይ እያለ ለውሻ እንሰብሰብ እንዴ!» አለ። ጉዳዩም ሳይታይ ታለፈ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠ መልስ ነው።

የሳቁትን ወገኖች አንቀየምም። አብዛኞቻችን ያደግነው ውሻ ከደጅ ውሎ ከደጅ በሚያድርበት አገር ነው። ጠያቂ ያጣን ደም «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» የምንል ሰዎች ነን። ይሁንና ይህችን አባባል ረጋ ብሎ ለመረመራት፣ የምታስቆጨን ጠያቂ በመጥፋቱ ነው። የመንግሥት ጥይት በሰው ግቢ ውስጥ ተተኩሶ «ለምን?» የሚል ከጠፋ፣ የወደቀው ውሻ ነው ብለን እፎይ ማለት የለብንም። ነግ በኔ ነው።

ነገሩ ደግሞ ሩቅ አገር የተፈጸመ አይደለም። ከእኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ በርዊን ሃይትስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2008 የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ታጣቂዎች የዚያን ጊዜውን ከንቲባ የአቶ ቼይ ካልቮን ቤት ሰብረው ገቡ። ምክንያቱ 32 ፓውንድ ማሪዋና የያዘ ጥቅል በባለቤታቸው ስም መላኩ ነበር። ሁለት ጥቁር ላብራዶር ውሾቻቸውን ተኩሰው ገደሉ፤ ከንቲባውንና የባለቤታቸውን እናት እጃቸውን አስረው አቆዩ። በኋላ ሲጣራ ቤተሰቡ ከነገሩ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ለካስ አዘዋዋሪዎቹ ምንም በማያውቁ ሰዎች አድራሻ እየላኩ ጥቅሉን ከደጅ ላይ ያነሡ ኖሯል! የከተማይቱ ፖሊስ እንኳ አስቀድሞ አልተነገረውም። ይህም ሁሉ ሆኖ የሸሪፉ መሥሪያ ቤት በራሱ ባካሄደው ምርመራ ሰዎቻችን አላጠፉም ብሎ በ2009 ደመደመ።

አቶ ካልቮ ከንቲባ ናቸውና ጮኹ፤ ተሰሙም። ሜሪላንድ በዚያው በ2009፣ ስዋት የሚባለው ልዩ ቡድን ያላቸው የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ቡድኑን ስንት ጊዜ እንዳሰማሩና እንስሳ ተገድሎ እንደሆነ በየስድስት ወሩ እንዲያስታውቁ የሚያዝ ሕግ አወጣች። እስቲ አሁን በከንቲባው ቦታ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸውን አንዱን አባታችንን እናስቀምጥ። ማን ይሰማቸው ነበር? ማንስ ሕግ ያወጣላቸው ነበር?

ያ ሕግ የተመለከተውም ልዩ ቡድኑን እንጂ ዘወትር በሰፈር የሚዞረውን ፖሊስ አልነበረም። በ2014 በዚሁ በሜሪላንድ፣ በአን አረንደል ካውንቲ፣ ስለ ስርቆት ለማጣራት በሰፈር ይዞር የነበረ አንድ ፖሊስ የአንድን ሰው ውሻ ከቤቱ ፊት ለፊት ተኩሶ ገደለው። ከሕዝብ የተውጣጡት ዳኞች ፖሊሱ ከባድ ቸልተኝነት ፈጽሟል ብለው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረዱ። በ2021 ግን የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የካሳው ጣሪያ በሕጉ መሠረት 7,500 ዶላር ነው አለ። ሕጉ ውሻን የሚያየው እንደ ዕቃ ነውና። የአንድ አሮጌ መኪና ዋጋ ከፍሎ የሚገላገል መሥሪያ ቤት ፖሊሶቹን ለማሠልጠን ምን ያስቸኩለዋል?

«ውሻ እኮ ይነክሳል፤ ፖሊሱስ ነፍስ የለውም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይነክሳል። ግን የፖስታ ሠራተኛውን እንይ። እርሱ በየቀኑ የሚገባበት ግቢ ስፍር ቁጥር የለውም። በ2023 ብቻ በመላ አሜሪካ ከ5,800 በላይ የፖስታ ሠራተኞች በውሻ ተጠቅተዋል። እነርሱ የሚመክቱት ቦርሳቸውን ከፊት ጋርደው፣ የሚረጭ መከላከያ ይዘው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ በማፈግፈግ ነው። ሽጉጥ የላቸውም። ይህን የፖስታ ሠራተኛ ከቻለው ለፖሊስ ማስተማር እንዴት ያቅታል? የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2011 ለፖሊሶች ባሳተመው መመሪያ የውሻን ጠባይ ማወቅንና ከጥይት በፊት ያሉትን መንገዶች አስተምሯል። ኮሎራዶም በ2013 ለፖሊሶች ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ጉዳዩ የኃይል ወንጀል ካልሆነም ባለቤቱ ውሻውን እንዲይዝ ዕድል እንዲያገኝ በሕግ ደንግጋለች።

ከእኛ መካከል በሌሊት በር ሲደበደብ «ዛሬ ደግሞ ማንን ሊወስዱ ነው?» እያሉ ያደጉ አሉ። እዚህ መጥተን ልጆቻችንን «ችግር ሲገጥማችሁ 911 ደውሉ» ብለን አስተማርን። ያ ልጅ አብሮት ያደገ ውሻ በዓይኑ ፊት በፖሊስ ሲገደል ቢያይ፣ «ለምን?» ሲልም መልስ የሚሰጠው ቢያጣ፣ ነገ ሌባ ቢገባ ይደውላል? አይደውልም። እናቱም አትደውልም። ጎረቤትም ሰምቶ ይፈራል። ፖሊስም ያለ ሕዝብ ጥቆማ ሌባ እንደማይዝ ራሱ ያውቀዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተሉት ነጥቦች ተነሥተው ውሳኔ እንዲሰጥባቸው እንጠይቃለን።

1ኛ/ ማኅበራችን ለካውንቲው ፖሊስና ምክር ቤት ደብዳቤ ይጻፍ። ባለፉት አምስት ዓመታት ፖሊሶች ስንት ውሻ ተኮሱ? በምን ምክንያት? ማን መረመረው? ብሎ ይጠይቅ።

2ኛ/ ለፖሊሶቹ ስለ ውሻ ሥልጠና ይሰጥ እንደሆነ፣ ከተሰጠም ለስንት ሰዓት እንደሆነ በጽሑፍ መልስ ይጠየቅ።

3ኛ/ እኛም የበኩላችንን እንወጣ። ውሻችንን እናስከትብ፤ ደጅ ስንወጣ በገመድ እንያዝ፤ በአጥሩ ላይ «ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ እንለጥፍ። ፖሊስ ስንጠራ በስልክ ገና ከጅምሩ «ቤት ውስጥ ውሻ አለ፤ እናስረዋለን» እንበል። የራሳችንን ግዴታ ሳንወጣ ሌላውን ብንወቅስ አያምርብንም።

ባለፈው የሳቀው ወንድማችንም እንዲመጣ አደራ እንላለን። ስለ ሰው ጉዳይ የሚቆረቆር ከሆነ ይህም የሰው ጉዳይ ነውና።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ