«ካምቢዮው ይውረድ!» ለሚሉን

አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ይዛችሁ ጋራዥ ግቡና «ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም» በሉ። መልሱን ከአሁኑ እንንገራችሁ፦ «ካምቢዮው ይውረድ!» ኮፈኑ አልተከፈተም፣ ዘይቱ አልታየም፣ መኪናው ተነድቶ አልተሞከረም። ፍርዱ ግን ተሰጥቷል። ቀጥሎ ወደ ሶማሌ ተራ ይኬዳል፤ ማን እንደነዳው የማይታወቅ ያገለገለ ካምቢዮ ይገዛል። እሱም በተራው ይንሸራተታል…

እኛ ግን ይሄ ምርመራ ሳይሆን ቁማር ነው እንላለን። ያውም በሰው ገንዘብ!

እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 የተመረተውን መርሴዲስ ደብሊው 123 እንውሰድ። በአውቶማቲክ ካምቢዮው ውስጥ ፍሪሲዮኖቹን ጨምቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይግላል፤ ሲግል ይቃጠላል። እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ግፊቱ የት ሄደ?» ተብሎ ነው።

አንደኛ፣ ዘይቱ ይለካ። መኪናው ተነድቶ ዘይቱ ይሙቅ፤ ሜዳ ላይ ይቁም፤ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ሞተሩ እየሠራ ይታይ። ሞተር አጥፍቶ የሚለካ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። በመለኪያው ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት 0.3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሲበዛም ተመትቶ አረፋ ይሆናል። በሁለቱም ግፊቱ ይወርዳል።

ዘይቱ ጎድሎ መሬት ላይ ጠብታ ከሌለስ? ከካምቢዮው ጎን ካለችው ሞዱሌተር ላይ የቫኩም ቱቦዋ ትነቀል። ውስጧ ቀይ ዘይት ከተገኘ የሞዱሌተሩ ሽፋን ተቀዷል፤ ዘይቱን ሞተሩ እየጠጣው ነው። ይህችን ዕቃ ለመቀየር ካምቢዮ አይወርድም።

ሁለተኛ፣ ቫኩሙ ይለካ። ወደ ሞዱሌተሩ የሚደርሰው ቫኩም ሲያንስ ማርሹ እየመታ ይገባል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ አያያዙ ይላላና ሞተሩ በማርሽ መካከል ይጮሃል። ሦስተኛ፣ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የምትሄደው ገመድ ትፈተሽ፤ ከላላች ማርሹ ቀድሞ ይቀየራል፣ አያያዙም ይለሰልሳል። አራተኛ፣ የታችኛው ሳህን ተፈቶ ፊልትሮው ይታይ። በመጨረሻ ግፊቱ በጌጅ ይለካ።

«ጋራዡ ጌጅ የለውም» የሚል ይኖራል። ይሁን! ዘይት ለመለካት ግን ጨርቅ ይበቃል፤ ለማሽተት አፍንጫ ይበቃል። ካምቢዮ ለማውረድ ክሪክና ሦስት ሰው ያላጣ ጋራዥ፣ ዘይት ለማየት አምስት ደቂቃ እንዴት ያጣል?

በእርግጥ መውረድ ያለበት ካምቢዮ አለ። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ፣ ሳህኑ ላይም የብረት ፍቅፋቂ ከተገኘ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ያለቀን ፍሪሲዮን አዲስ ዘይት አያበቅለውም። «ዘይት ቀይረንለታል፣ ይድናል» ብሎ የሚሸኛችሁም ያው ቁማርተኛ ነው። እየተንሸራተተ መንዳትም የቀረውን መጨረስ ነው።

ጉዳዩ የአሮጌ መኪና ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። «ይህን ሸጬ የተሻለ አስገባለሁ» የሚባልበት ዘመን አልፏል። በእጃችን ያለውን በግምት የምናፈርስበት አቅም የለንም።

ጥፋቱም የመካኒኩ ብቻ አይደለም። «አንተ ታውቃለህ» ብለን ቁልፉን የምንወረውረው እኛው ደንበኞቹ ነን። በሚቀጥለው ጊዜ «ይውረድ» ስትባሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘይቱ ስንት ላይ ነው? ምን ይሸታል? ቫኩሙን ለካኸው? መልስ ያለው መካኒክ አይቆጣም። ከተቆጣ ግን መልስ የለውም ማለት ነው፤ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።