ሳይጽፍ «ጽፌአለሁ» የሚለው ኮምፒዩተር

የኮምፒዩተር ፍጥነት ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ሜሞሪና ዲስክ ሲገዛ በደረሰኝ ላይ የሚሰፍረው ነው። ሌላው ደረሰኝ የለውም፤ የሚታወቀው መብራት በጠፋ ዕለት ነው። የኮምፒዩተር ገበያ ስለ መጀመሪያው ብዙ ያወራል፤ ሁለተኛውን ግን ለገዢው ሳይነግር የሚያስከፍልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዲስክ ዝግታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንድ ሀርድ ዲስክ የተጠየቀውን መረጃ ፈልጎ ለማምጣት ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበት ነበር። ሜሞሪ ይህንኑ በ70 ናኖሰከንድ ገደማ ይጨርሰው ስለነበር ልዩነቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከዲስክ የመጣውን ነገር ሜሞሪ ውስጥ ማቆየት አዋጪ ሆነ፤ መጋዘኑ ሩቅ የሆነበት ባለሱቅ ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀውን ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ለዚህ የሚከለለው የሜሞሪ ጥግ ትንሽ ሲሆን ባፈር፣ ሰፋ ሲል ካሽ ይባላል። ይህኛው ካሽ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ዝምድና ባይኖረውም፣ እጅ ላይ ሲኖር ሥራ ማፍጠኑ ያመሳስላቸዋል።

በዶስ ዘመን መደርደሪያውን የሚለካው ባለቤቱ ራሱ ነበር። «ኮንፊግ ዶት ሲስ» በተባለው ፋይል ውስጥ «ባፈርስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ቁጥር ይጽፋል። አንዱ ባፈር 512 ባይት የዲስክ መረጃ ስለሚይዝ 30 ባፈር ያዘዘ ሰው ከ15 ኪሎባይት በላይ ሜሞሪ ለቀቀ ማለት ነው። የፕሮግራሞች ጣሪያ 640 ኪሎባይት በነበረበት ማሽን ይህ ቀላል ሂሳብ አልነበረም። ጥቂት ኪሎባይት ጎድሎ የሂሳብ ፕሮግራሙ አልከፈት ይላል። ከ640 በላይ ያለውን ሜሞሪ የሚጠቀመው የማይክሮሶፍት «ስማርት ድራይቭ» ሲመጣ ችግሩ ቀለለ እንጂ አልጠፋም። በ4 ሜጋባይት ማሽን ላይ 1 ሜጋባይት ለካሽ የሰጠ ሰው ዊንዶውስን አስራበ፤ የተራበው ዊንዶውስም ዲስኩን እንደ ሜሞሪ መጠቀም ይጀምራል። ፍጥነት ለማግኘት የተደረገው ነገር ዝግታን መልሶ አመጣ። መደርደሪያ ስለሰፋ ብቻ ሱቅ አይቀላጠፍም፤ ደንበኛ የሚቆምበት ቦታም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ግን የማንበብ ካሽ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ቢጠፋ ዋናው መጋዘን ውስጥ አለ። የመጻፍ ካሽ ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ደረሰኝ ቆርጦ ለደንበኛው ሰጥቷል፣ ገንዘቡን ግን ካዝና ያላስገባው ሲመቸው ሊያስገባ ነው። ሱቁ በዚህ መሀል ከተቃጠለ ደረሰኙ አለ፣ ገንዘቡ የለም።

በ1993 እ.ኤ.አ. ዶስ 6.0 ገበያ ሲገባ ስማርት ድራይቭ የሚሠራው እንደዚሁ ነበር። ጽሑፉን ለጥቂት ሰከንዶች ሜሞሪ ውስጥ ይዞ «ጨርሻለሁ» የሚለውን ምልክት በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ሥራውን የጨረሰ ሰው ምልክቱን አይቶ ማሽኑን ያጠፋል፤ ዲስኩ ላይ ያልደረሰው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። የጠፋ ፋይል አቤቱታ ሲበዛ ጣት የተቀሰረው ዲስክ በሚያጨምቀው «ደብል ስፔስ» ላይ ነበር፤ የአንዳንዱ ጥፋት ምንጭ ግን ይኸው የዘገየ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው ዶስ 6.2 ስማርት ድራይቭ ጽፎ ሳይጨርስ ምልክቱን እንዳይመልስ ተደረገ። ማሻሻያው በሱቅ 10 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው ለማስተካከያው ደግሞ ከፈለ፤ በየትኛውም ሌላ ንግድ ይህ ዕቃ አስመላሽ ያሰልፋል።

ማይክሮሶፍት የመጻፍ ካሽ መሥራቱ አያስነቅፈውም። አማራጩ አደጋ አለው፣ ጥቅምም አለው። የሚያስነቅፈው አደጋውን ገዢው ሳይመርጠው አስቀድሞ መርጦለት ማውጣቱ ነው። የኮምፒዩተር መጽሔቶች ፍጥነት እየለኩ ደረጃ በሚያወጡበት ገበያ፣ ፈጣን መስሎ መታየት ለሻጩ ይከፍላል፤ የጠፋውን ፋይል የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ የቸኮለው አንዱ፣ የለቀመው ሌላው ሆነ።

ታሪኩ ከዶስ ጋር አልተቀበረም። ዊንዶውስ 10 ለፍላሽ ዲስክ አስቀድሞ የሚመርጠው ፍጥነትን ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ትቶ «በቶሎ መንቀል» የሚለውን መደበኛ ያደረገው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 1809 በተባለው ዕትም ነው፤ ከዶስ 6.0 ሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የፒችትሪ ፋይል በፍላሽ ይዞ ከሱቅ ወደ ሂሳብ ባለሙያ ለሚመላለሰው የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህ ቁም ነገር ነው። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ያው የ1993ቱ ሱቅ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ይሻላል፤ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ከዴስክቶፕ አይለይም። ዊንዶውስ በዲስኩ ቅንብር ውስጥ ስለ መጻፍ ካሽ ሁለት ሳጥኖች ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ካሹን የሚፈቅድ ነው፤ ዩፒኤስ ያለው እንዳለ ሊተወው ይችላል። ሁለተኛው ካሹ ወደ ዲስኩ እንዲራገፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚያጠፋ ሲሆን፣ ዲስኩ ለብቻው የኃይል ምንጭ ከሌለው እንዳይነካ ዊንዶውስ ራሱ እዚያው ያስጠነቅቃል። «ማሽንህን ላፍጥንልህ» የሚል ጠጋኝ ይህን ሁለተኛውን ሳጥን ምልክት አድርጎበት ሊሄድ ስለሚችል፣ ባለሱቁ ሂሳቡን ከመክፈሉ በፊት ከፍቶ ይየው።