ያልተበደረ የማይታመንበት አገር

ዕዳ የሌለበት ሰው የተመሰገነ ነው ሲባል እየሰማን ላደግን ለእኛ፣ የአሜሪካ የብድር ሥርዓት የተገላቢጦሽ መስሎ ይታየናል። አዲስ አበባ ሳለ እቁቡን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስተጓጉል የከፈለ ሰው፣ ዋሽንግተን ገብቶ ክሬዲት ካርድ ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የብድር ታሪክ የለዎትም» የሚል ነው። ክፉ ታሪክ አለዎት አልተባለም፤ ጭራሹን የሌለ ሰው ሆኖ ነው የተገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ኩባንያዎች የተበዳሪውን ሁሉ መዝገብ ይይዛሉ። ከመዝገቡም ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሚሠራበት ፋይኮ በተባለው ስሌት፣ 35 በመቶው ዕዳን በጊዜው በመክፈል፣ 30 በመቶው በዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው በታሪኩ ርዝመት ይለካል። ደመወዝ በነጥቡ ውስጥ አይገባም፤ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብም አይገባም። ነጥቡ ያነሰ ሰው ካርዱን ይከለከላል፤ ቢያገኝም ወለዱ ይከብድበታል። መዝገብ የሌለው ደግሞ ለምሳሌ 200 ዶላር በመያዣ አስቀምጦ እስከ 200 ዶላር ብቻ እንዲበደር ይደረጋል። የገዛ ገንዘብን መበደር ማለት ይህ ነው፤ በወሩ አጠናቆ ካልከፈለ በወለድ ጭምር!

ይህን ስንል ሥርዓቱን ጨርሶ ለመንቀፍ አይደለም። በአገራችን ባንክ ቤት ለብድር የሄደ ሰው በብዛት የሚጠየቀው የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ነው። ለመሆኑ ካርታ የሌለው የድኻ ልጅ ሐቀኝነቱን በምን ያስይዛል? ከንብረት ይልቅ ጠባይን መመዘን በመሠረቱ መልካም ሐሳብ ነው። የእኛ ጥያቄ፣ ተመዛኙ ሚዛኑን ማየት ይችላል ወይ የሚል ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ሕግ፣ ሰው መዝገቡን የማወቅና ስሕተት ቢኖርበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አገኘ። በ2003 ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ቅጂውን በነጻ እንዲያገኝ ተደነገገ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ መያዣ ማበደር ጀምሯል፤ መጠኑም የሚወሰነው ከተጠቃሚው የገንዘብ እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ የእኛም ነጥብ መቈጠር ጀምሯል ማለት ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን ከመካከላችን ጠይቆ የሚያውቅ አላጋጠመንም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያይ ይፈቅዳል። ማኅበራችን ከሕግ ተማሪዎች ጋራ ሆኖ አንድ የመጠየቂያ ደብዳቤ ቢያዘጋጅልን፣ እየፈረምን ለአበዳሪዎቹ እናቀርባለን።